ለሩጫ የተላኩ ሽማግሌዎች

ልጄ ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ አንድ እሑድ ከአስር ሶላት በኋላ ሁለት ሰዎች ቡታጅራ ባለው ቤታችን በር ላይ ቆሙ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ናቸው። ሌላው ከሰፈራችን በታች ሥጋ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። ሁለቱም ነጭ ኮፍያ አድርገው ጋቢ ደርበዋል። ባለ ሥጋ ቤቱን ጋቢ ለብሶ አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ግቡ ብዬ ወንበር ባቀርብላቸው ገቡ፤ ግን አንቀመጥም አሉ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ አንቀመጥም ካለ ልጅ ሊጠይቅ መጥቷል ማለት ነው። ወዲያው የሰፈሩን ወንዶች በልቤ አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው። ልጄ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው፤ የቤቱ ባለቤት ይሆን? ወንድሙ ይሆን? ወይስ ዕቃ የሚያመጣላቸው ሹፌር? ሹፌሩን ገና ከመጠየቁ በፊት በልቤ እምቢ አልኩት። ባለቤቴ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አገር ቤት የሚገባው ለአረፋ ብቻ ነው። አረፋ ደግሞ ገና አንድ ወር ይቀረዋል።

«አባቷ በሌለበት እኔ ምን ብዬ እመልስላችኋለሁ?» አልኳቸው።

«ጉዳዩ የአባቷ አይደለም፤ የአንቺ ነው» አሉ መምህሩ። «የላከችንም ልጅሽ ናት።»

ይሄ ይባስ አስደነገጠኝ። ሴት ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ስትልክ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ወደ ማን ነው የላከቻችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሳቁን መያዝ አቃተውና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ወዳንቺ ነዋ እትዬ። እንድትሮጥ ፍቀጂላት።»

እኔ ነኝ የተቀመጥኩት።

ነገሩ የመጣው ከሩቅ ነው። ልጄ በሰባት ዓመቷ አስም ያዛት። ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር፤ ጀርባዋ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ከሩቅ ሰው የሚያፏጭ ይመስለኛል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከአቧራ፣ ከጭስና ከብርድ ጠብቂያት አለችኝ። ስለ ሩጫ ምንም አላለችም። ሩጫን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም በየዓመቱ መስከረም ላይ ቁጭ ብዬ በእጄ እጽፍ ነበር፦ «ልጄ ታማሚ ስለሆነች ስፖርት አትሠራም።» ወረቀቱን ይዤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የሚቀበሉኝም እኚሁ መምህር ነበሩ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጄ የጓደኞቿን ሹራብ ታቅፋ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች።

ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ወዲህ አስሙ አንድም ቀን አልተነሳባትም። ሰው ሁሉ ተያት፣ ድናለች ይለኝ ነበር። እኔ ግን ዘንድሮ አለመነሳቱ ለከርሞ ዋስትና አይሆንም እያልኩ መስኮት እዘጋለሁ፣ ጭስ ካለበት አስነሳታለሁ፣ ቶሎ ቶሎ ስትራመድ ቀስ በይ እላታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከጓሮ የቆጮ ማስቀመጫው ጀርባ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ አገኘሁ። ጭቃው ገና አልደረቀም። ልጄ በዚያ ሰሞን የፈተና ወረቀት የሚያባዙ አስተማሪዎች በጠዋት ይመጣሉ እያለች ከሱብሒ ሶላት በኋላ ትወጣ ነበር። በማግስቱ ተከተልኳት። ፎቶ ኮፒ ቤቱን አልፋ በእንሴኖ መንገድ ወጣች። እኔም ባሕር ዛፍ ጥግ ቆምኩ።

ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበዋል። በቴሌቪዥን እንደምናያቸው ቀጫጭን ሯጮች አይደሉም። ባለ ሥጋ ቤቱ አለ። ባንክ የምትሠራ ሴት አለች። አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ረጅም ቀሚሷን በገመድ ጠበቅ ያደረገች የአራት ልጆች እናት፣ ከመካከላቸው ደግሞ ሻሿን አጥብቃ የእኔ ልጅ። መምህሩ እጃቸውን ሲያነሱ ሮጡ። እያወሩ፣ እየተሳሳቁ እስከ ድልድዩ ሄዱና ዞረው መጡ። መጡና ከተነሱበት ቦታ ቆሙ።

ደጋግሜ ያሰብኩት ይሄንን ነው። እኔ ቆጮና ቡላ ሻጭ ነኝ። ያንን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ሄጄበታለሁ፤ ስሄድ ወይም ስመለስ ጀርባዬ ላይ ሸክም ያልነበረበትን ቀን አላስታውስም። እነዚህ ግን ሄዱ፣ ምንም ሳይዙ ተመለሱ፤ ፊታቸው ግን ትርፍ እንዳገኘ ነጋዴ ፊት ነበር። ለምን? ተናድጄም እንኳ ጥያቄው ከውስጤ አልወጣም።

የዚያን ቀን ልጄን ተቆጣኋት፤ ዋሽተሽኛል አልኳት፤ ሁለተኛ እንዳትሄጂ አልኳት። ሦስት ሳምንት በአዎና በአይ ብቻ ስንነጋገር ቆየንና ሽማግሌዎቹ መጡ።

እንግዲህ ሽማግሌ ከመጣ መስማት ግድ ነው። መምህሩ ጉዳዩን አስረዱኝ። ከአረፋ ቀጥሎ ባለው እሑድ ለአንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍል ማሠሪያ የሚሆን የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ በከተማችን ይደረጋል፤ ካናቴራውን የገዛ ሁሉ መሮጥ ይችላል። እኔ እሺ ወይም እምቢ ማለቱን ትቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ማነው የሚያሸንፈው? አንድ የገጠር ጎረምሳ ያሸንፋል አሉኝ፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። እናንተስ? ባለ ሥጋ ቤቱ ባለፈው ዓመት ሌላ ከተማ ሮጦ ከመጨረሻ አራተኛ መውጣቱን ደረቱን ነፍቶ ነገረኝ።

«ከመጨረሻ አራተኛ?»

«ሦስት ሰው ከኋላዬ ነበረ እትዬ። ቀላል ነገር መሰለሽ?»

«እንደማታሸንፍ እያወቅክ ለምን ትሮጣለህ ታዲያ?»

ትንሽ አሰበ። ጥያቄውን የምር አድርጎ ሲያስብበት አይቼ ደስ አለኝ።

«ስለሚያልቅ ነው» አለኝ። «የሱቅ ሥራ አያልቅም። የልጅ ነገር አያልቅም። ስብሰባው ራሱ አያልቅም፤ ቀበሌ ተጠርተሽ የለ? ይሄ ግን ይጀመራል፣ ያልቃል። ሲያልቅም ገና ጠዋት ነው፤ ሄጄ ሥጋ ቤቴን እከፍታለሁ። እንደ ማራቶን ቢረዝምማ እኔም አልሞክረው። አምስት ኪሎ ሜትር ግን ለኔ ቢጤ የተለካ ነው፤ ደክሞኝ ልተወው ስል አልቆ አገኘዋለሁ።»

መምህሩ ደግሞ ቀስ ብለው፣ «ስምንት ዓመት ሙሉ ወረቀትሽን ተቀብዬሻለሁ። አንድም ቀን አልመለስኩብሽም። አሁን ደግሞ አንቺ የኔን ተቀበዪኝ» አሉኝ።

ልጄን ከጓዳ ጠርተን ተስማማን። ያንን አምስት ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ሳትቆም ከጨረሰች ሁለተኛ ስለ ሩጫ አፌን አልከፍትም። ትንፋሿ ካስቆማት ግን ያበቃል፤ ጫማዋን ትሰቅላለች። ልጄ ወዲያው እሺ አለች። መዳፋችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግን፣ አሚን አልን፣ እነሱም ያን ጊዜ ተቀመጡ።

በዚያ አንድ ወር ውስጥ የሠራሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ገበያ በሌለበት ቀን ወደ እንሴኖ የምሄድ መስዬ የሩጫውን መንገድ በእግሬ ሄድኩበት። ጥላ የት እንዳለ፣ አቧራው የት እንደሚብስ፣ ዳገቱ የት እንደሚጀምር አየሁ። ድልድዩ ጋ እቆማለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ከደከመው እዚያ ነው የሚደክመው። ከፋርማሲ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ገዛሁ። ውሃ፣ ማርና ነጠላ በዘንቢል አዘጋጀሁ። አንዱን ባለ ባጃጅም ድልድዩ አጠገብ እንዲቆም ለመንኩት። ባጃጅ ከተማችን ከገባ ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ እኔ እንኳ ተሳፍሬበት አላውቅም፤ ግን ወደ ሐኪም ቤት ከአምቡላንስ ይፈጥናል ብዬ አሰብኩ።

የሩጫው ዕለት ጠዋት ደግሞ ገንፎ አገነፋሁላት።

የቡላ ገንፎ። ቡላው ከምሸጠው ሁሉ መርጬ ያስቀመጥኩት፣ እንደ ወተት የነጣው ነበር። አራስ የምናበረታው በሱ ነው፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚጠገነው በሱ ነው፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ጠዋት እሱን በልቶ ይወጣል። ስለዚህ ለሯጭ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ ኮረሪማ ያለበትን ቅቤ ሞላሁበት። ሩጫው ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ እሷ የበላችው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ግማሹን ስትደርስ በቃኝ አለች። ጨርሺው፣ ካልጨረስሽ አትወጪም አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው።

ከተማው በሰው ተሞልቶ ነበር። ለአረፋ ከአዲስ አበባ የገቡት ገና አልተመለሱም፤ በአዲስ ልብስና በአዲስ ጫማ መንገዱን ሞልተውታል። ባለቤቴ ግን ሱቁን ሊከፍት በበዓሉ ማግስት ተመልሶ ነበር። ከመጫኛ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ይጮሃል። እኔ ድልድዩ ጋ ሆኜ ስጠብቅ መጀመሪያ ጎረምሶቹ እንደ ንፋስ አለፉ፤ ፊታቸውን እንኳ አላየሁም። ቀጥሎ የመጣው ብዙው ሰው ነው። ካናቴራው ሁሉም ላይ አንድ ልክ ስለሆነ አንዱ ላይ ቀሚስ ይመስላል፣ ሌላው ላይ ይወጠራል። አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሮጣሉ። ሁለት ሙሽሮች የሚመስሉ እየተገፋፉ ይሳሳቃሉ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሲመጣ ዳር የቆሙት ወጣቶች፣

«ጋሼ፣ በሬው አምልጦህ ነው?» አሉት።

«ይዤው ነው የምመለሰው» አላቸው ሳይቆም። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ለአፍታ የመጣሁበትን ረሳሁት።

ከዚያ ልጄን አየኋት። ቀኝ ጎኗን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጥቂት ሮጠች፤ ቆመች፤ እንደገና ጥቂት ሮጠችና ቆማ መራመድ ጀመረች። መድኃኒቱን ይዤ ሮጬ ስደርስ እጄን ገፋ አደረገችው። «ቆይ እማ» ብቻ ነው ያለችኝ። የቀረውን ሁለት ኪሎ ሜትር እሷ በመንገዱ መሃል፣ እኔ ዘንቢሌን ይዤ በዳሩ፣ ጎን ለጎን በእግራችን ጨረስነው። ከኋላችን የነበሩት ልጅ ያዘሉ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ።

ቤት ስንገባ እንደ ልጅነቷ ጀርባዋ ላይ ጆሮዬን አሳረፍኩ። ጸጥ ያለ ነው። ሲር የሚል ነገር የለም። ይሄ ትንሽ ግር አለኝ።

«ቃል ቃል ነው» አለች። አላለቀሰችም። «አንቺ እንዳልሽው ነው የሆነው። በቃ አልሮጥም።» ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወረችው።

ረቡዕ ዕለት ሥጋ ልገዛ ሄድኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ ስለ ልጄ ጠየቀኝ፤ ትንፋሿ ነው አልኩት። ቢላዋውን አስቀመጠና የቱ ጋ ነበር የያዛት አለኝ። ከጎድኗ ሥር አሳየሁት።

«እሱማ ትንፋሽ አይደለም» አለ። «እኔንም ይዞኝ ያውቃል። አንድ ቀን ክትፎ በልቼ ወጣሁና እዚህ ጋ ቢላዋ የተሰካ ነው የመሰለኝ። መምህሩ ናቸው በኋላ የሰደቡኝ። ከሩጫ በፊት ሻይ፤ ምግብ ከተበላም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ እሱም ቀለል ያለ። ምን በልታ ነበር?»

«ኧረ ትንሽ ነገር» አልኩት።

ሥጋዬን ሳልመርጥ ይዤ ወጣሁ። እቤት እስክደርስ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። አስሙ አይደለም። የኔ ገንፎ ነው።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። አልተናገርኩም። ረቡዕ ዝም አልኩ፣ ሐሙስም ዝም አልኩ። የምፈልገው ነገር እጄ ገብቷል፤ ልጄ ጠዋት ጠዋት ቤት ናት፣ አቧራ ውስጥ አይደለችም፣ ትንፋሿን አታስጨንቅም። የከለከልኳት እኔ አይደለሁም፤ ራሷ ናት የተወችው። ከኔ የሚጠበቀው አፌን መዝጋት ብቻ ነበር። አላህ ሳልጠይቀው የሰጠኝ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

ግን አልቀለለኝም። ልጄ ከልማዷ በዚያው ሰዓት ትነቃለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታያለች። ዓርብ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠረገችው። ራሷን መጠርጠር እንደጀመረችም አየሁ፤ ውሃ ይዛ ስትገባ ቆም ብላ ደረቷን ታዳምጣለች። ያ ነው የባሰብኝ። ስንት ዓመት እኔ ስፈራላት የነበረውን ፍርሃት አሁን ራሷ ተሸክማዋለች፤ ያሸከምኳትም እኔ ነኝ።

እሑድ ጠዋት እየጠረገች ሳለ ሯጮቹ በአጥራችን ጥግ አለፉ። እግራቸው ኮብልስቶኑ ላይ ሲመታ፣ አንዷ ስትስቅ ይሰማል። ልጄ መጥረጊያውን ከመሬት አንስታ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆመች። ከዚያ ጠረገች። እኔ ነጠላዬን አንስቼ ወደ መምህሩ ቤት ሄድኩ።

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች መጡ። በዱዓ የታሰረ ነገር የሚፈታው በታሰረበት ሰው ፊት ነው፤ ስለዚህ ልጄም ተቀመጠች። ነገርኳቸው። ገንፎውን፣ ቅቤውን፣ ሰዓቱን፣ ጨርሺው ማለቴን። ባለ ሥጋ ቤቱ፣ «የአራስ ገንፎ? ለሯጭ?» ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። ልጄም አልሳቀችም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«ረቡዕ።»

«ዛሬ እሑድ ነው» አለች።



መምህሩ ውሉ ፈርሷል አሉ፤ ልጅቷ እንደ ልቧ ትሩጥ፤ እናት ግን አውቃ ስለደበቀች ካሳ አለባት። በእኛ ሽምግልና ካሳ ሳይነገር ሰው አይነሳም። ምን ይሁንልሽ ብለው ልጄን ጠየቋት።

«ለምን ትሮጣላችሁ እያለች ሰዉን ሁሉ ትጠይቃለች» አለች። «እኔን ብቻ ነው ያልጠየቀችኝ። ራሷ ሄዳ ትየው። ወልቂጤ በሚደረገው ሩጫ አብራን ትሩጥ።»

እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ሰው ምን ይላል እያልኩ አንድ ሰዓት ተከራከርኩ።

«ሰው ምን ይላል?» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ። «እኔን ሲያይ የሚለውን ነው የሚለው። እኔ ላይ ጨርሶታል፤ አዲስ ስድብ የለውም።»

ካሳውን ተቀበልኩ። ልጄ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ግን ሰኞ ጠዋት ጫማዋን አውርዳ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ሰምቼ ተኛሁ ማለት አልችልም። በአራተኛው ቀን ከሩጫ ስትመለስ ላቧን እየጠረገች ውሃ አለ ወይ አለችኝ፤ ሰጠኋት።

የወልቂጤው ሩጫ ከአራት ወር በኋላ ነበር። እኔም ከሴቶቹ ጋር ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ መጀመሪያ መራመድ፣ ከዚያ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው ሶምሶማ ጀመርኩ። ስለ ሁሉም ነገር እጠይቃለሁ። የባንኳን ሴት ለምን ትሮጫለሽ ስላት፣ ቀኑን ሙሉ መስታወት ጀርባ እቀመጣለሁ፤ እዚህ ግን ማንም ወረፋ አይጠብቀኝም አለችኝ። የአራት ልጆች እናት ደግሞ ወረቀት ላይ ስሜ የተጻፈው ክሊኒክ ካርድ ላይና የሩጫው መዝገብ ላይ ብቻ ነው ብላ ሳቀች። መልሱ የሰዉን ያህል ነበር። እየሰማሁ እገረማለሁ እንጂ ለራሴ የሚሆን መልስ አላገኘሁም።

ሚኒባስ ተኮናትረን፣ ተራራውን ተሻግረን፣ በቸሃ አገር እንሰቶች መካከል አልፈን በዋዜማው ወልቂጤ ገባን። ሩጫው በጉብሬ መንገድ ከከተማ ወጣ ካለ ቦታ ተነስቶ መሃል ከተማ የሚያልቅ ነበር። ሰው ታጭቆ ቆሞ ሳለ ልጄ ቁጥሬን ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ አስተካከለችልኝ። «ቀስ ብለሽ ጀምሪ» አለችኝና ወደ ፊት ሄደች።

ቀስ ብዬ አልጀመርኩም። ሰው ሁሉ ሲፈተለክ እኔም ተፈተለክኩ። መቶ ሜትር ሳልሄድ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ መራመድ ጀመርኩ፤ ትንፋሼ ሲመለስ እንደገና ሶምሶማ። የመንገድ ዳር ልጆች «እማማ በርቺ» ይሉኛል፤ አንዱ «እማማ፣ ታክሲ ልጥራ?» ይላል። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ማንም የሚያውቀኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ከፊቴ አንድ ሰውዬ ነበር። ካናቴራውን ከላይ፣ ከታች ግራጫ የሱፍ ሱሪና የቆዳ ጫማ ያደረገ፣ ዕድሜው ከኔ የማያንስ። ስሮጥ የእግሬን ድምፅ ይሰማና ይሮጣል። ስራመድ ዞር ብሎ አይቶኝ ይራመዳል። ሦስት ጊዜ እንደዚህ አደረገ። አራተኛ ላይ ልቀድመው ፈለግኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምንም አላደረገኝም፣ ስሙን አላውቀውም፣ ብቀድመው የሚሰጠኝ ነገር የለም። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀለል ያለ ነገር ፈልጌ አላውቅም። አንድ ሰው፣ አሥር እርምጃ፣ ከፊቴ።

ከተማው መግቢያ ላይ ሰዉን እየገፋች በተቃራኒው አቅጣጫ የምትመጣ ልጅ አየሁ። ልጄ ናት። ጨርሳ ዞራ መጥታለች። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ከተነሳን ጀምሮ አላሰብኳትም። ደረቷን፣ አቧራውን፣ የት ደርሳ ይሆን የሚለውን፣ አንዱንም። ከሰባት ዓመቷ ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ ከሐሳቤ ወጥታ አታውቅም። አርባ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። መደንገጥ ነበረብኝ፤ አልደነገጥኩም።

«እማ» አለችኝ፣ ፊቷ ተጨንቆ። «ስትዘገዪ ምን ሆና ይሆን ብዬ ነው። ደህና ነሽ? ጥግ ይዘሽ አረፍ በይ።»

«ዞር በይልኝ» አልኳት፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። «ያንን ሰውዬ ልቀድመው ነው።»

ሰውዬውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ከገንፎው ቀን ወዲህ ለኔ ያልሳቀችው ሳቅ፤ ሳቀችና ወደ መንገዱ ዳር ወጣችልኝ። ቀሚሴን በሁለት እጄ ሰብስቤ ሮጥኩ። ሰውዬው የእግሬን ድምፅ ሰምቶ እሱም ሮጠ። ለማለቂያው መስመር ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀር ትከሻ ለትከሻ ሆንን። ቀደምኩት።